ቅጠል ዘላዮችን መያዝና መለየት፦ ከሱሉልታ ሣር እስከ አቃቂ የአትክልት ማሳ

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ጉልበት በደረሰበት ሰሞን በሱሉልታ ወይም በሰንዳፋ ሜዳ ስትሄዱ፣ ከእግራችሁ ሥር እየተፈናጠሩ የሚበተኑት ጥቃቅን ነፍሳት ሁሉ የፌንጣ ልጆች አይደሉም። ከመካከላቸው የሩዝ ፍሬ የማታህል፣ ክንፏን እንደ ጎጆ ክዳን ግራና ቀኝ አጋድላ የምታስቀምጥ፣ እጃችሁን ስትዘረጉ በጎን በጎን ሄዳ ከሣሩ አገዳ ጀርባ የምትሰወር አለች። ቅጠል ዘላይ ማለት እሷ ናት። የግብርና ባለሙያዎች ጃሲድ የሚሏትም ይህችኑ ነው፤ በድሮ መጻሕፍት ጃሲዴ በሚል የአስተኔ (ፋሚሊ) ስም ስለምትገኝ።

ይህ መመሪያ ለባዮሎጂ መምህራን፣ ለዕፅዋት ሳይንስ ተማሪዎች፣ ለልማት ሠራተኞችና ጓሮው ድንችና ቆስጣ ለሚያበቅል ሰው ነው። እስከ መጨረሻው ከተከተላችሁት የያዛችሁት ነፍሳት ቅጠል ዘላይ መሆን አለመሆኑን በእርግጠኝነት ትለያላችሁ፤ ከዚያም በየትኛው ንዑስ አስተኔ እንደሚመደብ ትወስናላችሁ። እስከ ዝርያ መድረስ ሌላ ሥራ ነው፣ በኋላ አነሳዋለሁ። ከአሁኑ የምለው ግን አንድ ነው፦ በቀለም አትመኑ። በስልክ ፎቶ ብቻ «ይህ እገሌ የተባለው ዝርያ ነው» የሚላችሁንም አትመኑ።

ቦታዋ በሥነ ሕይወት ምደባ

ቅጠል ዘላይ በመደብ ሦስት አጽቄ፣ በክፍለ መደብ ሄሚፕተራ ውስጥ ናት። የሄሚፕተራ መለያ እንደ መርፌ የሾለ፣ ወግቶ የሚመጥ አፍ ነው። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ቤታችን ያለው ትኋን ሳይቀር በዚህ ክፍለ መደብ ይመደባሉ። ከዚያ ዝቅ ሲል ኦኬኖሪንካ የሚባል ንዑስ ክፍለ መደብ አለ፤ ሲካዳዎች፣ አረፋ ሠሪዎች፣ ግንድ ዘላዮች፣ ዛፍ ዘላዮችና ቅጠል ዘላዮች የሚገኙት እዚህ ነው። የቅጠል ዘላዮች አስተኔ ሲካዴሊዴ ይባላል፤ መሥራቹ ፈረንሳዊው ፒየር አንድሬ ላትሬይ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1802 ነው። እስካሁን ከ20,000 በላይ ዝርያዎች ተገልጸውበታል፤ ከነፍሳት አስተኔዎች መካከል ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

የድሮ መጽሐፍ ከያዛችሁ ሁለት ነገር ያደናግራችኋል። አንደኛው «ሆሞፕተራ» የሚለው ምድብ ነው፤ ዛሬ ራሱን የቻለ ክፍለ መደብ ሆኖ አይቆጠርም። ሁለተኛው በአሮጌ የእንስሳት ጂኦግራፊ ጽሑፎች «የኢትዮጵያ ቀጠና» ሲባል ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ በሙሉ ማለት መሆኑ ነው። ስለዚህ «ኢትዮጵያዊ» ተብሎ የተጻፈ ዝርያ በአገራችን ተገኝቷል ማለት ላይሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ሌላ አገር የተለቀመ ነፍሳት በተማሪ ጽሑፍ ውስጥ «የእኛ» ሆኖ እንዳይገባ የተለቀመበትን ቦታ ማየት ግድ ነው።

የት እና መቼ

የአዲስ አበባ ዙሪያ ትልቁ ጥቅም ከፍታው መለያየቱ ነው። አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ እንጦጦ ደግሞ ጫፉ 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን መድረስ ይቻላል። የሱሉልታና የሰንዳፋ የድርቆሽ ሜዳ ሣር ወዳዶቹን ይሰጣችኋል። በአቃቂ ወንዝ ዳር በመስኖ የሚለማው ቆስጣ፣ ሰላጣና ድንች ሰፊ ቅጠል ላይ የሚኖሩትን ይሰጣል። ሆለታ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና ድንች አለ። የመናገሻ ሱባ ጥድና ወይራ ደግሞ ዛፍ ላይ ብቻ የሚውሉትን ይዟል፤ እነሱን ከሣር ላይ ብትፈልጉ አታገኟቸውም።

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ ሣሩ ለድርቆሽ ከመታጨዱ በፊት ያለው ጊዜ ከሁሉም ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ መረቡ ይረጥባል፣ የተያዘውም ከጭቃና ከውሃ ጋር ይላቁጣል። በጋ ሲገባ ሣሩ ይደርቃል፤ ያን ጊዜ ቅጠል ዘላዮች አረንጓዴ ወደቀረበት፣ ወደ መስኖ ማሳና ወደ ወንዝ ዳር ይሰበሰባሉ። በጥር የአቃቂ አትክልት ላይ ብዙ ብታዩ አትደነቁ። ሰዓቱ ጤዛ ከረገፈ በኋላ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ወደ ሣሩ ሥር ይወርዳሉ።

ማሳ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ባለቤቱን ሰላም በሉና አስፈቅዱ። ተባይ ልለይ ነው ሲባል እምቢ የሚል ገበሬ ብዙም የለም፤ «የያዛችሁትን አሳዩኝ» የሚል ግን ይበዛል። አሳዩት፣ ሌንሱንም ስጡት። በጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ በእንጦጦ ፓርክና በመናገሻ ሱባ ደን ግን የቃል ፈቃድ አይበቃም፤ አስተዳደሩን በጽሑፍ ጠይቁ።

ዕቃው

መረቡን ራሳችሁ ሥሩት። ወፍራም ሽቦ አጣጥፋችሁ ስፋቱ 35 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ክብ አድርጉና በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ እሰሩት። ከረጢቱን ከአቡጀዲ አሰፉ። ብዙ ሰው አጎበር ቆርጦ ይጀምራል፤ አጎበር እሾህ ላይ ይቀደዳል፣ ቀዳዳውም ለትንንሾቹ ሰፊ ነው። 3 ሚሊ ሜትር የምትረዝም ቅጠል ዘላይ ወርዷ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ሊሆን ስለሚችል ሾልካ ትወጣለች።

ከመረቡ ውስጥ በጣት ለመያዝ መሞከር እግር መስበር ነው፣ እግር ከሌለ ደግሞ መለየት የለም። ለዚህ የአፍ መሳቢያ ያስፈልጋል። ሰፊ አፍ ያለው ብልቃጥ ክዳኑን ሁለት ቦታ ብሱና ሁለት ቁራጭ የግሉኮስ ቱቦ አስገቡ። በአፋችሁ የምትስቡበትን ቱቦ የውስጥ ጫፍ በስስ ጨርቅ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ይህን የዘለለ ሰው ነፍሳቱን ይውጣል። በሌላው ጫፍ ነፍሳቱን አነጣጥራችሁ ትስባላችሁ።

ሌንሱ ቢያንስ 10 እጥፍ የሚያጎላ ይሁን፤ 20 እጥፍ ካገኛችሁ የተሻለ ነው። ከዚህ ሌላ 70 በመቶ አልኮል፣ ትንንሽ ብልቃጦች፣ ቀጭን የሥዕል ብሩሽ፣ ነጭ ሰሃንና እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ አልኮል ሲነካው ይለቃል፣ እርሳስ ግን አይለቅም።

አያያዝ

በሣር ላይ መረቡን ከወገባችሁ በታች ይዛችሁ፣ እየተራመዳችሁ፣ ግራና ቀኝ በኃይል ጥረጉ። አፉ ሁልጊዜ ወደምትጠርጉበት አቅጣጫ ይዙር። ሃያ ያህል ከጠረጋችሁ በኋላ የመረቡን አንገት በፍጥነት ጠምዝዛችሁ ዝጉ። አሁን የከረጢቱን ጫፍ ወደ ፀሐይ አንሡት። ቅጠል ዘላዮች ወደ ብርሃን ይወጣሉ፣ ሸረሪቶችና አብዛኞቹ ጥንዚዛዎች ወደ ታች ይቀራሉ። አንገቱን በጥቂቱ ከፍታችሁ መሳቢያውን አስገቡ።

በዛፍና በቁጥቋጦ ላይ መረብ ብዙ አያገለግልም። ነጭ ጨርቅ ወይም የተገለበጠ ጃንጥላ ከቅርንጫፉ ሥር ዘርጉና ቅርንጫፉን በዱላ ሁለት ሦስት ጊዜ ምቱት። የወደቁት ዘለው ከመጥፋታቸው በፊት ፈጥናችሁ ሳቡ። ማታ አምፖል ፊት ነጭ አንሶላ መስቀልም ይቻላል፤ በእኛ ደጋ ብርዱ ስለሚያስቸግር ጨረቃ የሌለበት ደመናማና ሞቅ ያለ ምሽት ምረጡ። ቢጫ ማጣበቂያ ወጥመድ በማሳ ውስጥ ብዛታቸውን ለመከታተል ጥሩ ነው፤ ለመለየት ግን አልወደውም። ሙጫው እግርና ክንፍ ያበላሻል። የግድ ከሆነ ነፍሳቷ ያለችበትን የወጥመዱን ቁራጭ ቆርጣችሁ ላምባ ውስጥ በመንከር ሙጫውን ማስለቀቅ ይቻላል።

አንድ ጥያቄ እዚያው ማሳ ላይ ካልተመለሰ ቤት ገብታችሁ አትመልሱትም፦ ምን ላይ ነበረች? ከተደባለቀ ሣር የተጠረገች ቅጠል ዘላይ የትኛውን ሣር እንደምትመጥ አትነግራችሁም፤ ነፋስ አምጥቷትም ሊሆን ይችላል። ክንፍ ያላወጣ ኒምፍ (ገና ያላደገ ልጅ) በአንድ ተክል ላይ ተደጋግሞ ካገኛችሁ ግን ያ ተክል ምግቧ ነው ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

የያዛችሁትን ከነብልቃጡ የማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ውስጥ አሳድሩት፤ ሳይሰባበር ይሞታል። ወደ አልኮል ከማስገባታችሁ በፊት ቀለሙን ጻፉ፣ ፎቶም አንሡ። አረንጓዴው በአልኮል ውስጥ ገርጥቶ ቢጫ ወይም ነጭ ይሆናል። ለዘረ መል ምርመራ የሚቀመጥ ከሆነ 70 በመቶው ስለማይበቃ 95 በመቶ አልኮል ተጠቀሙ።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ቅጠል ዘላይ ናት?

ነጭ ሰሃን ላይ በጎኗ አጋድሟትና የኋላ እግሯን በብሩሽ ዘርጉት። ቀሪው ሁሉ ከዚህ እግር ይጀምራል።

የቅጠል ዘላይ የኋላ ቅልጥም ረጅም ነው፤ ከላይ እስከ ታች ድረስ በረድፍ የተደረደሩ እሾህ መሰል ፀጉሮች አሉት። በ10 እጥፍ ሌንስ የማበጠሪያ ጥርስ መስለው ይታያሉ። ይህን ካያችሁ ከሞላ ጎደል አብቅቷል። ከሌላት ግን ከዘመዶቿ አንዷን ይዛችኋል ማለት ነው።

ቅልጥሙ በጎኑ አንድ ወይም ሁለት ወፋፍራም እሾህ ብቻ ኖሮት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የእሾህ ዘውድ ካለው አረፋ ሠሪ ናት፤ ልጆቿ በተክል አንጓ ላይ ምራቅ በሚመስል ነጭ አረፋ ተሸፍነው የሚያድጉት። በቅልጥሙ ጫፍ ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ ትልቅ ጩቤ መሰል ነገር ካለና አንቴናዋ ከዓይኗ በታች ወጥቶ ሥሩ የወፈረ ከሆነ፣ ዴልፋሲዴ ከሚባለው አስተኔ የሆነች ግንድ ዘላይ ናት። በገብስና በሣር ማሳ ላይ ከቅጠል ዘላይ ጋር ተደባልቃ ስለምትያዝ ብዙውን ጊዜ የምታሳስተው እሷ ናት። የደረቷ ጋሻ ወደ ኋላ ረዝሞ ሆዷን ከሸፈነ፣ አንዳንዴም ቀንድ አውጥቶ ከቆመ፣ ዛፍ ዘላይ ናት። አንቴናዋ ረጅምና በአሥር አንጓ የተከፋፈለ ከሆነ ሲሊድ ናት፤ የቅጠል ዘላይ አንቴና ግን አጭርና እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ክሽክሽ አይዘልም፣ ከጀርባውም ሁለት ቱቦ ይወጣለታል። ነጭ ዝንብ በነጭ ዱቄት የተሸፈነ ስለሆነ ለማንም አያሳስትም።

ዱቄት ካነሣን፦ አንዳንድ ቅጠል ዘላዮች በክንፋቸው ላይ ነጭ ብናኝ ይታይባቸዋል። ሻጋታ አይደለም። ብሮኮሶም የሚባል፣ ከሆድ ዕቃቸው ከማልፒጊ ቱቦ (የነፍሳት ቆሻሻ ማስወገጃ አካል) የሚመነጭ፣ በእግራቸው ሰውነታቸውን የሚቀቡት ነገር ነው። እያንዳንዱ ቅንጣት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮ ሜትር ያንሳል፤ ውሃና የራሳቸው ጣፋጭ ፈሳሽ በሰውነታቸው ላይ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ይህን የሚያመርቱት ቅጠል ዘላዮች ብቻ ናቸው።

ሌላ የሚያሳስት ነገር በሆዷ ጎን የተንጠለጠለ ጥቁር ወይም ቡናማ ከረጢት ነው። የሰውነቷ ክፍል አይደለም፤ ድራይኒዴ የተባለች ጥገኛ ተርብ እጭ ናት። እንዲህ ዓይነት የተለከፈች ቅጠል ዘላይ የመራቢያ አካሏ ተበላሽቶ ስለሚሆን ለዝርያ መለያ አትሆንም። ግን አትጣሏት፣ ለብቻዋ አስቀምጧት፤ በማሳው ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ የምትነግራችሁ እሷ ናት።

በነገራችን ላይ ዘረ መልን መሠረት ያደረጉ ጥናቶች ዛፍ ዘላዮች ከቅጠል ዘላዮች የዘር ግንድ ውስጥ የወጡ ቅርንጫፍ መሆናቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ ሁለቱን በጋሻቸው መለየታችን ለሥራ ይመቻል እንጂ የዘር ሐረጉ እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ አልተከፈለም።

ቀጥሎ፦ የየትኛው ንዑስ አስተኔ ናት?

አሁን እግሩን ተዉትና ወደ ጭንቅላቷ ሂዱ። ከሁለቱ ትልልቅ ጥምር ዓይኖች ሌላ ሁለት ጥቃቅን ነጠላ ዓይኖች አሏት፤ በሌንስ ስታዩአቸው የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ናቸው። (ሲካዳ ሦስት አላት።) ጥያቄው የት ናቸው የሚል ነው፦ አናቷ ላይ፣ በአናቷና በፊቷ መገናኛ ጠርዝ ላይ፣ ወይስ ፊቷ ላይ? ጭንቅላቷን ከላይ፣ ከፊትና ከጎን እያዞራችሁ እዩ። መብራቱን ከጎን አድርጉት፤ ከላይ የሚመጣ መብራት የሌለ ነጠላ ዓይን ያሳያችኋል።

ጠርዙ ላይ፣ ለጥምር ዓይኑ ቀርበው ከታዩ፣ ዕድሉ ዴልቶሴፋሊኔ ነው። ከንዑስ አስተኔዎቹ ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው፤ ከ6,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። በሱሉልታ ሣር የጠረጋችሁት አብዛኛው ከዚህ ቢመደብ አይግረማችሁ፤ ሣር ወዳዶቹ ነገዶች (የንዑስ አስተኔው ክፍሎች) እዚህ ይበዛሉ። መጠናቸው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር፣ ቀለማቸው የገለባ፣ ቡናማ ወይም ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። የክንፋቸው ሥሮች (በክንፉ ላይ የተዘረጉት መስመሮች) ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ከክንፉ ጫፍ ቀደም ብሎም ዙሪያቸውን የተዘጉ ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች ይቆጠራሉ። ባልክሉታና ኤግዚቲያነስ የተባሉት በአፍሪካ ሣር ላይ የተለመዱ ወገኖች (ጂነሶች) የዚህ ናቸው። አብዛኞቹ የሚመጥጡት ፍሎየምን፣ ማለትም ስኳር የተሸከመውን የተክሉን ቱቦ ነው። ቫይረስና ፋይቶፕላዝማ (ተክልን የሚያሳምም የባክቴሪያ ዓይነት) ከተክል ወደ ተክል ከሚያጋቡት ቅጠል ዘላዮች አብዛኞቹ ከዚህ ንዑስ አስተኔ መሆናቸውም ከዚሁ አመጋገብ ጋር የተያያዘ ነው።

ነፍሳቷ ከ4 ሚሊ ሜትር የማትበልጥ፣ ስትነኳት የምትፈርስ የምትመስል ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ነጭ ከሆነች ነጠላ ዓይኖቿን ለማየት ብዙ አትድከሙ፤ ደብዛዛ ናቸው ወይም የሉም። ክንፏን እዩ። ክንፉ ከሰውነቷ ከሚነሣበት እስከ ግማሹ ድረስ ሥሮቹ ከደበዘዙ፣ መስቀለኛ ሥሮችም ያሉት ጫፉ አካባቢ ብቻ ከሆነ ቲፍሎሲቢኔ ናት። በድንች፣ በባቄላና በአደንጓሬ ላይ የምታስቸግረው ኤምፖአስካ የዚህ ናት። አብዛኞቹ የንዑስ አስተኔው አባላት የቅጠሉን ሕዋስ አንድ በአንድ ወግተው ይዘቱን ስለሚመጥጡ ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጥቦች ይቀራሉ። የኤምፖአስካ ወገን ግን እስከ ቱቦው ዘልቆ ይወጋል፤ ቱቦው ሲጎዳ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ቢጫ ሆኖ ይጠቀለላል፣ በኋላም ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ይህን ከውሃ እጥረት ወይም ከማዳበሪያ ቃጠሎ ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ቅጠሉን ገልብጡት፦ ነጫጭ የተወለቁ ቆዳዎችና በጎን የሚሮጡ ኒምፎች ካሉ መልሱ እዚያው ነው።

ነጠላ ዓይኖቹ አናቷ ላይ፣ ከጠርዙ ራቅ ብለው ከተቀመጡና ፊቷ ወደ ውጭ ካበጠ፣ ሲካዴሊኔን ይዛችኋል። ሁለቱ ምልክቶች አብረው መገኘት አለባቸው፤ ነጠላ ዓይናቸው አናት ላይ የሆነ ሌሎችም አሉ። ፊቷ ያበጠበት ምክንያት አለው። የምትመጠው ዛይለምን፣ ማለትም ከሥር ወደ ላይ ውሃ የሚያወጣውን ቱቦ ነው። ይህ ፈሳሽ ከውሃ ብዙም አይለይም፤ ግፊቱም ወደ ውስጥ ስለሚስብ ከዚያ ውስጥ መምጠጥ ከባድ ጡንቻ ይጠይቃል፣ ያ ጡንቻ የተቀመጠው ፊቷ ውስጥ ነው። ምግቡ ቀጭን ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ስትመጥ ትውላለች፣ ቀኑን ሙሉም ጠብታ ከኋላዋ ታስፈነጥራለች። ትልልቆቹና ደማቅ ቀለም ያላቸው ቅጠል ዘላዮች ብዙዎቹ እዚህ ናቸው። በወሊሶ መስመር ጓሮ እንሰት የምታዩ ሰዎች በእንሰት ላይ የምትታወቀውን ፖኤሲሎካርዳ ኒግሪነርቪስን ልታገኙ ትችላላችሁ፤ እሷም ሲካዴሊኔ ናት። ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ሲነሣ ነፍሳት ይወቀሳሉ፣ የተበከለ ቢላዋና መቁረጫ ግን ከነፍሳቱ ይልቅ ዋናው የመዛመቻ መንገድ ነው፤ ቢላዋውን በእሳት ሳያስነኩ ቅጠል ዘላይ ማሳደድ ትርጉም የለውም።

ነጠላ ዓይኖቹ ፊቷ ላይ ከሆኑ፣ አናቷ አጭርና ሰፊ ከሆነ፣ ሁለት መንገድ አለ። ከዝቅተኛ ሰፊ ቅጠል ተክሎች ወይም ከማገጥ ሣር መካከል የተያዘች፣ ቡናማ፣ ራሷ ላይ ጥቁር ነጥቦች ያሏት ከሆነች ሜጎፍታልሚኔ ውስጥ የሚመደበው የአጋሊኒ ነገድ ትሆናለች። ከዛፍ ላይ የወደቀች፣ ራሷ ሰፊ ሆኖ ሰውነቷ ወደ ኋላ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነች ደግሞ የኢዲዮሴሪኒ ነገድ ናት። የአንዳንዶቹ ወንዶች አንቴና ጫፉ ላይ ጠፍጣፋ ክብ አለው፣ ያንን ካያችሁ አትጠራጠሩ። የድሮ መለያዎች እነዚህን ኢዲዮሴሪኔ ብለው የራሳቸው ንዑስ አስተኔ ያደርጓቸዋል፤ አዲሱ ምደባ በዩሪሜሊኔ ሥር አግብቷቸዋል። ሁለቱንም ስም ማወቅ ያስፈልጋል።

ኢያሲኔ፣ ኮኤሊዲኔና ሌድሪኔም አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሳይሆን አይቀርም ያላችሁትን ለብቻው ብልቃጥ አድርጉት፤ በሌንስ ብቻ መድቡት አልልም።

ከዚህ በታች፦ ወገንና ዝርያ

ዝርያ የሚለየው በወንዱ የመራቢያ አካል ነው። ሁለት ዝርያዎች በቀለም፣ በመጠንና በክንፍ አንድ ሆነው በዚህ አካል ብቻ የሚለዩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያው ዝርያ ደግሞ በደጋና በቆላ ቀለሙ ሊለያይ ይችላል።

ሴቷን ከሆዷ ሥር በምታዩት ረጅም፣ በመሐል የተሰነጠቀ መጋዝ መሰል እንቁላል መትከያ ትለዩአታላችሁ። ወንዱ ያ የለውም፤ በምትኩ ሁለት ጠፍጣፋ ሳህኖች ጎን ለጎን ይታያሉ። የወንዱን ሆድ በቀጭን መርፌ ነጥላችሁ 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ አሳድሩ፤ ሥጋው ሟሙቶ ጠንካራው ክፍል ብቻ ይቀራል። በውሃ አጥባችሁ ግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ በማይክሮስኮፕ እዩ። ኬሚካሉ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ፣ ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ እንጂ በኩሽና አትሞክሩት። ካያችሁ በኋላ የሆዱን ቁራጭ ከግሊሰሪን ጋር በትንሽ ቱቦ አድርጋችሁ ከራሱ ከነፍሳቱ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። ሆዱ የጠፋበት ናሙና ለሚቀጥለው ሰው ግማሽ ናሙና ነው።

ያያችሁትን ቅርጽ ከታተመ ሥዕል ጋር ካላመሳሰላችሁ በወገን ስም ላይ ቁሙ። «ባልክሉታ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ሥራ ነው፤ በግምት የተሞላ የዝርያ ስም ግን ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ያሳስታል።

ከእንቁላል እስከ ክንፍ

እናቲቱ እንቁላሏን በመጋዙ ቅጠሉን ወይም አገዳውን ሰንጥቃ ውስጡ ትተክለዋለች፤ ስለዚህ ቅጠሉ ላይ እንቁላል ብትፈልጉ አይታይም። የሚፈለፈለው ኒምፍ ትል አይደለም፣ ትንሿን እናቱን ይመስላል፤ ክንፍ ብቻ ይጎድለዋል። አምስት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል፣ በአምስተኛው ባለ ክንፍ ይሆናል። ፍጥነቱ በሙቀት ይወሰናል፤ በእንጦጦ ብርድ ከአቃቂ ይዘገያል።

ወንድና ሴት የሚገናኙት በድምፅ ነው፣ ግን እኛ የምንሰማው ዓይነት አይደለም። ሆዳቸውን አርገብግበው የተክሉን አገዳ ያንቀጠቅጣሉ፤ ሌላዋ በእግሯ ትሰማለች። ስዊድናዊው ፍሬይ ኦሲያኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ሥራ ይህን በሰፊው መዝግቧል።

በቆሎ ላይ ካገኛችሁ

በጓሮ በቆሎ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች፣ የገለባ ቀለም ያላት፣ በአናቷ የፊት ጠርዝ ላይ ሁለት ክብ ጥቁር ነጥቦች ያሏት ዴልቶሴፋሊኔ ከያዛችሁ ሲካዱሊና የሚባለው ወገን ልትሆን ትችላለች። (ሁለት ነጥብ ያላቸው ሌሎች ወገኖችም ስላሉ ነጥቡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።) ሲካዱሊና ምቢላ የበቆሎ ስትሪክ ቫይረስ ዋና አስተላላፊ ናት። የታመመው በቆሎ ቅጠሉ ላይ ከቅጠሉ የራሱ መስመሮች ጋር ትይዩ የሆኑ፣ የተቆራረጡ ቀጫጭን ቢጫ ሰረዞች ያወጣል።

የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪው ሃሮልድ ስቶሪ በታንጋኒካ (በዛሬዋ ታንዛኒያ) አማኒ የምርምር ጣቢያ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 የሚገርም ነገር አሳይቷል፦ ከአንድ ዝርያ ውስጥ አንዳንዶቹ ቫይረሱን ያስተላልፋሉ፣ አንዳንዶቹ አያስተላልፉም፣ ችሎታውም በዘር ይወረሳል። ቀጥሎም የማያስተላልፉትን አንጀታቸውን በመርፌ ሲወጋ አስተላላፊ ሆኑ፤ ግድግዳው አንጀቱ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በማሳችሁ ሲካዱሊና መገኘቷ በሽታው አለ ማለት አይደለም። ቅጠሉን እዩ፤ የታመመውን ተክል ከነሥሩ ንቀሉ፤ ካለፈው ዓመት ወድቆ ራሱ የበቀለውንም አስወግዱ፣ ቫይረሱ የሚቆየው በእሱና በአካባቢው ሣር ላይ ነው። በእንቁላል አይተላለፍም።

መድኃኒት ለመርጨት አትቸኩሉ። ሁሉን የሚገድል መርጫ ሸረሪቶችን፣ ድራይኒዴዎችንና እንቁላሉን የሚያጠቁትን ጥቃቅን ተርቦች ይጨርሳል፤ ቅጠል ዘላይ ደግሞ ከጎረቤት ማሳ በርራ ትመለሳለች። በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ የጥርጊያ ቁጥር መዝግቡና ብዛቱ እየጨመረ መሆኑን ካያችሁ በኋላ የወረዳችሁን የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ አማክሩ።

የመለያ ወረቀት

ያለ መለያ ወረቀት ናሙና የለም። በእርሳስ፣ በትንሽ ወረቀት ጻፉና ብልቃጡ ውስጥ ከአልኮሉ ጋር አስገቡት፤ ውጭ የተለጠፈ ይወድቃል። ክልል፣ ቀበሌ፣ ከፍታ፣ ከስልካችሁ ያገኛችሁት የቦታ መጋጠሚያ፣ የተክሉ ስም፣ የአያያዙ ዘዴ፣ ቀንና የሰብሳቢው ስም ይኑረው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፦ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2024። «12/2/17» ብሎ የተጻፈ ናሙና ውጭ አገር ያለ ባለሙያ እጅ ሲገባ የፌብሩዋሪ ወይም የዲሴምበር ይሆናል። ሰዓት ከጻፋችሁም በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ጥቀሱ።

ጠንከር ያሉትን በደረቅ ማስቀመጥ ይቻላል። ከወፍራም ካርቶን ሦስት ማዕዘን ቆርጣችሁ ጫፉን አጥፉና ነፍሳቷን በቀኝ ጎኗ በጥቂት ሙጫ ለጥፉ፣ ካርቶኑን በመርፌ ሰኩት። ቲፍሎሲቢኔዎች በደረቅ ይጨማደዳሉ፤ እነሱን በአልኮል ተዉአቸው። ሣጥኑ ውስጥ ጉንዳንና ብል እንዳይገባ በደንብ ይዘጋ።

ጥሩ ስብስብ ካላችሁ አራት ኪሎ ለሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ማሳየት ይቻላል፤ በሰብል ላይ የተገኙትን ደግሞ የሆለታና የአምቦ የግብርና ምርምር ማዕከላት ባለሙያዎች ይመለከቷቸዋል። ናሙና ለመለየት ወደ ውጭ አገር መላክ ካስፈለገ ግን በፖስታ ብቻ አይላክም፤ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመልከቻው ላይ የናሙናዎቹ ብዛት፣ የተሰበሰቡበት ቦታና ዓላማው ስለሚጠየቅ፣ መለያ ወረቀቶቻችሁ የተሟሉ ከሆኑ ግማሹ ተሠርቷል።